«ያንቺ ልጆች» እያሉ ሁሉንም ወደ እኔ ይልካሉ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ቢሮው ውስጥ አራት አማካሪዎች ነን፤ በትውልድም በቋንቋም ከሌሎቹ የተለየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቤተሰቦቼ ወደዚህ አገር ይዘውኝ የመጡት ልጅ ሳለሁ ነው። ስቀጠር ርዕሰ መምህሩ «እንዳንቺ ያለ ሰው ስንፈልግ ነው የኖርነው» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ማለታቸው እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ተማሪዎቹ ለአራታችን የሚከፋፈሉት በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ነው። የእኔ ድርሻ ከማንም አያንስም። ነገር ግን ከስደተኛ ቤተሰብ የመጣ ልጅ ሲያለቅስ፣ ሲደባደብ፣ ከክፍል ሲቀር፣ ፊደሉ የማንም ይሁን የማን፣ ወደ እኔ ይላካል። «ያንቺ ልጅ ነው፤ አንቺ ታውቂበታለሽ» ይሉኛል። በቀደም አንዲት መምህርት አንድ ልጅ እጁን ይዛ አምጥታ በሬ ላይ አቆመችው። ልጁ የመጣበትን አገር የማውቀው በካርታ ብቻ ነው፤ የምንግባባበት አንድ ቃል እንኳ የለንም። «እኔ እኮ ቋንቋውን አልችልም» ስላት «ቢሆንም ትመሳሰላላችሁ» ብላኝ ሄደች። ከልጁ ጋር ተያየንና ሁለታችንም ሳቅን። ሌላ ምን እናድርግ?

ከሁሉ የከበደኝ አንድ ስብሰባ ነው። የአንዲት እናት ልጅ የመማር ችግር እንዳለበት ተመርምሮ ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ነበር። አስተርጓሚ አልተጠራም፤ «አንቺው ተርጉሚ» ተባልኩ። ባለሙያው የሚናገረው ግማሹ ቁጥር ነው። እናትየው እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው እኔን ብቻ ያያሉ። «ልጄን አእምሮው ተነክቷል ነው የሚሉት?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ ልሰጣቸው ስል ባለሙያው «ምን አሉ?» ይለኛል። ልጁ የእኔ ተማሪ ነው፤ ስለሱ የምናገረው ብዙ ነበረኝ፤ አንዱንም ሳልል ስብሰባው አለቀ። በማግስቱ እናትየው ደውለው «አንቺ የኛው ልጅ ነሽ፤ ልጄ ቢሮሽ መጥቶ የሚነግርሽን አትደብቂኝ» አሉኝ። አልነግርዎትም ስላቸው ተቀየሙኝ።

በመምህራን ስብሰባ ላይ ከክፍል የሚባረሩት በብዛት እነዚሁ ልጆች መሆናቸውን ባነሳ ቤቱ ጭጭ አለ። ኋላ አለቃዬ ለብቻዬ ጠርታ «ነገሩ ስለሚነካሽ ስሜታዊ ሆነሻል» አለችኝ። አንድ አባት ደግሞ ልጃቸው ከእኔ ወደ ሌላ አማካሪ እንዲዛወርላቸው ጠይቀው ምክንያታቸውን የጠየቃቸው ሳይኖር ተፈቀደላቸው። አሁን ከያዝኩት ሥራ ጋር ደርቤ «የብዝኃነት አስተባባሪ» እንድሆን እየጠየቁኝ ነው።

እነዚህን ልጆች እረዳለሁ ብዬ ነው ሙያውን የተማርኩት። አሁን በሬ ሲንኳኳ «ደግሞ መጡ» እላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ሆኜ ነው? ልልቀቅ ወይስ ልቻለው?

የደከማት አማካሪ

መልስ፦

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ይመስለኛል። በርሽ ሲንኳኳ የሚያስመርርሽ ልጆቹን ስለጠላሽ አይደለም። ርዕሰ መምህሩን፣ አለቃሽን፣ ያቺን ልጁን በር ላይ አቁማ የሄደችውን መምህርት መቆጣት አልሆነልሽም፤ ቁጣው ደግሞ አንድ ቦታ ማረፍ አለበት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል። ስለዚህ «ምን ዓይነት ሰው ሆኜ ነው» የሚለውን ተይውና ምን ዓይነት ሥራ እንደጫኑብሽ እንይ።

የያዝሽው ሥራ ሁለት ነው፤ የሚከፈልሽ ላንዱ ነው። አንደኛው በፊደል ተከፋፍሎ የደረሰሽ የተማሪ ብዛት ነው። ሁለተኛው ማንም ያልጻፈው፣ ማንም የማይቆጥረው ነው፤ ማስተርጎም፣ የሌላ አማካሪ ተማሪ ማጽናናት፣ ባልደረባ ማስተማር፣ ቤተሰብና ትምህርት ቤት ማስታረቅ። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ እንዲመደብ ይመክራል፤ ከሥራ ሰዓቱም ቢያንስ 80 በመቶው ተማሪዎችን በቀጥታም በተዘዋዋሪም በማገልገል እንዲያልፍ ይፈልጋል። ከዚህ ቁጥር በላይ ተሸክመው የሚሠሩ አማካሪዎች ብዙ እንደሆኑ አንቺም ታውቂያለሽ። ያንቺ ችግር ግን ቁጥሩ ከመብዛቱም በፊት ሐሰት መሆኑ ነው። መዝገብ ላይ አራታችሁ እኩል ናችሁ፤ ኮሪደሩ ላይ አይደላችሁም።

እ.ኤ.አ. በ1994 አማዶ ፓዲላ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር ይህንኑ ነገር በዩኒቨርሲቲ መምህራን ላይ ተመልክተው «የባህል ግብር» ብለውታል። ከአናሳው ወገን የሆነው መምህር ወገኖቹን የሚመለከት ኮሚቴ ሁሉ ውስጥ ይገባል፤ ተማሪዎቻቸውን ያጽናናል፤ ግጭት ያበርዳል፤ ለባልደረቦቹ የባህል አስረጂ ይሆናል። እድገት የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ ይህ ሁሉ አይቆጠርለትም፤ የሚጠየቀው ሌሎቹ የተጠየቁትን ነው። ያንቺም የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ «ስንት ጊዜ አስተረጎመች» የሚል መስመር እንደሌለ እገምታለሁ።

ነገሩ በትውልድ ብቻ የሚመጣም አይደለም። ሴት በሚበዛበት በዚህ ሙያ አንድ ወንድ ሲቀጠር ጠብ የሚያነሳ ወንድ ልጅ ሁሉ ወደሱ ይነዳል፤ ሰውየው የሠለጠነው በዩኒቨርሲቲ መረጣ ይሁን በሐዘን ምክር የሚጠይቀው የለም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አማካሪ ሲመጣ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ሁሉ የሱ ይሆናል። ሰው የሚመደበው በሚታየው እንጂ በተማረው አይደለም። ይህን የማነሳልሽ የደረሰብሽ ነገር ያንቺ የጸባይ ድክመት አለመሆኑን እንድታውቂ ነው፤ «እሺ ስለምል ነው» ብለሽ ራስሽን ስትወቅሺ ይታየኛል። እምቢ ብትዪም ሊልኩብሽ ነበር።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ልጆቹን እምቢ አትበዪ፤ አሠራሩን እምቢ በዪ።

በአንድ ነገር እውነት አላቸው። ቋንቋውን የሚያውቅለት፣ እናቱ ለምን ስልክ እንደማታነሳ ማስረዳት የማይጠበቅበት አማካሪ ያገኘ ልጅ በፍጥነት ይከፈታል። ይህ ጸጋሽ ነው፤ ተናድደሽ እንዳትጥይው። ግን ማን ጠየቀው ልጁን? ከአንዳንዱ ቤት የመጣ ልጅ ከሰው ሁሉ የሚፈራው የወገኑን አማካሪ ነው። አክስቱ ካንቺ እናት ጋር ትተዋወቅ ይሆናል፤ እሁድ አንድ ቦታ ትገናኙ ይሆናል፤ ቢሮሽ ያለቀሰው ማክሰኞ ቤቱ የሚደርስ ይመስለዋል። ያ ልጅ የማያውቀው፣ ከሰፈሩ ጋር የማይነካካ ሰው ነው የሚሻለው። «ያንቺ ልጅ ነው» ብሎ የሚልክ ሰው ይህን ምርጫ ልጁን ነጥቆታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ይሁን፤ ልጁ በፊደሉ ወደ ደረሰው አማካሪ ይሄዳል፤ እዚያ «ከእኔ ጋር መነጋገር ትፈልጋለህ ወይስ ከሌላ ሰው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አንቺን ከመረጠ ይመጣል።

«ባልደረቦቼ ግን አይችሉበትም» ትዪ ይሆናል። መቻል ግዴታቸው ነው። ዴራልድ ዊንግ ሱ፣ ፓትሪሻ አሬዶንዶና ሮደሪክ ማክዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1992 ከራሱ የተለየ ባህል ካለው ሰው ጋር የሚሠራ አማካሪ ሊኖረው የሚገባውን ብቃት በ31 ነጥብ ዘርዝረው አውጥተዋል። ሦስት ነገር ነው የሚጠይቁት፤ የራስን ግምትና አድልዎ ማወቅ፣ የተመካሪውን የዓለም አተያይ ማወቅ፣ ለሱ የሚስማማ የምክር ዘዴ ማወቅ። ይህን የጻፉት ለአናሳ አማካሪዎች አይደለም፤ ለአማካሪ ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ታድሶ የማኅበራዊ ፍትሕ ጉዳይ ሲጨመርበትም «የሚመሳሰል ሰው ካለ ወደሱ ላክ» የሚል አልገባበትም። እንዲያውም ሙያው የበቀለው ከስደተኞች መካከል ነው። ፍራንክ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ውስጥ የመጀመሪያውን የሥራ መረጣ ምክር ቢሮ የከፈቱት ኖርዝ ኤንድ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ አዲስ መጤዎች በሚረዱበት ቤት ውስጥ ነው። የስደተኛ ልጅ ለዚህ ሙያ ድንገት የመጣ እንግዳ አይደለም፤ የመጀመሪያው ደንበኛው ነው። ባልደረባሽ «እኔ ለነሱ አልሆንም» ሲልሽ ትሕትና ሊመስልሽ ይችላል። እኔ ግን ሥራ መሸሽ ነው የምለው።

ይህን በእንዲህ ያለ ቃል ፊት ለፊት ተናገሪ አልልሽም፤ ጠብ ይሆናል። ልጅ ሲያመጡልሽ ወንበር ስበሽ «ነይ፣ አብረን እንየው፤ ተማሪሽ ስለሆነ አንቺ ምሪው» በዪ። ልጁ ከአማካሪው እጅ አይወጣም፤ አንቺ የምትሰጪው የሙያ አስተያየት ነው፣ የጊዜ ልክም አለው። ከልጁ ጋር ሦስት ወር ከመቀመጥ ከባልደረባሽ ጋር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ይቀላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ራሷ ትሠራዋለች። በር ላይ አቁማ የምትሄደዋን መምህርት በተመለከተ፣ ኮሪደር ላይ አትከራከሪያት። ልጁን ተቀብለሽ ውኃ ስጪው፤ አማካሪው ማን እንደሆነ አይተሽ ራስሽ አድርሺው፤ ከዚያ ለመምህርቷ «አማካሪው እገሌ ነው፤ አድርሼዋለሁ፤ ከእንግዲህ በቀጥታ ወደሱ ላኪው» የሚል አጭር መልእክት በጽሑፍ ላኪላት። የተጻፈ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሲደገም ይታያል። «ትመሳሰላላችሁ» ለሚለው ግን መልስ የለኝም፤ የሳቃችሁት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ መዝገብ። ለአንድ ወር ሥራሽን በየሩብ ሰዓቱ መዝግቢ። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ አማካሪዎች ሰዓታቸው የት እንደገባ የሚያሳዩበት የጊዜ አጠቃቀም ቅጽ አለ፤ ካላገኘሽው በራስሽ ደብተር አስምሪ። አንቺ ግን ቅጹ ላይ የሌለ አንድ ዓምድ ጨምሪ፤ «ይህ ተማሪ በማን ድርሻ ነው?» የሚል። ሌላ አንድ ደግሞ ጨምሪ፤ «ማን ላከው፣ ምን ብሎ?» የሚል። የተማሪ ስም አትጻፊ፤ ቁጥር ወይም ምልክት ይበቃል። ትርጉም የሠራሽበትን፣ በስልክ ወላጅ ያረጋጋሽበትን፣ «አንዴ ይህን ደብዳቤ እይልኝ» የተባልሽበትን ሁሉ አስገቢ። ምሳ ሰዓትሽን ከበላውም «ምሳ» ብለሽ ጻፊ።

ወሩ ሲያልቅ ወደ አለቃሽ የምትገቢው «ደክሞኛል» ብለሽ አይደለም። ድካምሽን ከነገርሻት ዕረፍት ውሰጂ ትልሻለች፤ ከዕረፍት ስትመለሺ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይጠብቅሻል። ይልቅ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኑሪና «ከሰዓቴ ይህን ያህሉ የሌሎች ሦስት አማካሪዎች ተማሪ ላይ ገብቷል፤ ይህን ያህሉ ትርጉም ላይ። የትኛውን ላቁም? ወይስ ከድርሻዬ ስንት ተማሪ ይቀነስልኝ?» በያት። ሁለት አማራጭ ስጫት፤ ሦስተኛው እንዳለው መቀጠል እንዳይሆን። ከዚያ የተስማማችሁበትን በዚያው ቀን በኢሜይል ጽፈሽ ላኪላት። ምናልባት «አሁን ጊዜው አይደለም» ትልሽ ይሆናል፤ እሱንም ጻፊው።

የትርጉሙ ነገር ለብቻው ይታይ፤ አደጋ አለበት። አስተርጓሚ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያሻግር ሰው ነው። አማካሪ ደግሞ የሚጨምር፣ የሚያብራራ፣ ለተማሪው የሚቆም ሰው ነው። ሁለቱን ባንድ አፍ መሆን አይቻልም፤ አንቺም አልቻልሽም፣ ማንም አይችልም። እናትየው «አእምሮው ተነክቷል ነው የሚሉት?» ሲሉሽ አማካሪዋ መልስ ነበራት፤ አስተርጓሚዋ ግን ጥያቄውን ወደ ባለሙያው ማሻገር ነበረባት። ዝም ያሰኘሽ ይህ ነው። በዚያ ላይ የምርመራ ውጤት የራሱ ቋንቋ አለው። ልጁ በዕድሜ እኩዮቹ መካከል የትኛው ደረጃ ላይ እንደወደቀ የሚያሳየውን ቁጥር እናትየው ከመቶ የተገኘ ነጥብ ከመሰላቸው ልጃቸው የወደቀ መስሏቸው ነው የሚወጡት። ይህን የሚያሻግር የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ በአካል ካልተገኘም በስልክ።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ የስብሰባ ጥሪ ሲደርስሽ በዚያው ቀን መልሺ፤ «እኔ የምገኘው በተማሪው አማካሪነት ነው፤ ለወላጅ አስተርጓሚ ይያዝልን» ብለሽ። ከቀኑ በፊት መባሉ ወሳኝ ነው፤ ወላጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩሽ እምቢ ማለት አትችዪም፣ አትበዪም። ድንገት አስተርጓሚው ቀርቶ ሌላ መንገድ ከጠፋ ስብሰባው ይራዘም በዪ። እሱም ካልሆነ ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም ተናገሪ፤ «አሁን አስተርጓሚ ነኝ፤ እንደ አማካሪ መናገር ስፈልግ አስቁሜ እነግራችኋለሁ» በዪ፤ ለእናትየውም ይህንኑ በቋንቋቸው ድገሚላቸው። ልጁን ራሱን አስተርጉም ሲሉ ካየሽ ግን አትለፊው። ልጅ ስለራሱ የሚባለውን ክፉ ነገር ለእናቱ በገዛ አፉ ማድረስ የለበትም።

እኚያን እናት አስቢያቸው። የተቀየሙሽ ክፉ ሆነው አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቁት ፊት ያንቺ ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ያ ፊት በር ሲዘጋባቸው ምን ይበሉ? «የሙያው ሥነ ምግባር አይፈቅድም» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ለሳቸው የቢሮ ሰው ቋንቋ ነው። ደውዪላቸውና እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ የናንተው ልጅ ስለሆንኩ እኮ ነው የማልናገረው። ዛሬ የልጅዎን ለእርስዎ ካወጣሁ ነገ የእርስዎን ለጎረቤት አወጣለሁ ማለት ነው። ልጅዎ ራሱን ወይም ሰውን የሚጎዳ ነገር ካሰበ፣ ሰው የጎዳውም እንደሆነ፣ ዝም አልልም። ከዚያ ውጭ ያለውን እሱ ራሱ እንዲነግርዎት አብሬው እሠራለሁ።» ከዚያ ልጁን ጠይቂው፤ ከፈቀደ ሦስታችሁ ተቀመጡ። እናትየው የሚፈልጉት የሚስጥሩን ዝርዝር አይመስለኝም፤ ልጃቸው ከእጃቸው እያመለጠ እንዳልሆነ ማወቅ ነው። ለወደፊቱ ደግሞ ይህን የሚስጥር ነገር ለወላጆች በመጀመሪያው ቀን ንገሪ፤ ከተጣላችሁ በኋላ ሲነገር ሰበብ ይመስላል።

«ስሜታዊ ሆነሻል» ወደተባልሽው ልለፍ። ሮዛቤት ሞስ ካንተር የተባሉ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ወንድ በሞላበት ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ጥቂት የነበሩትን ሴት ሠራተኞች አጥንተው ያዩት ነገር አለ። ጥቂት የሆነ ሰው ከሌላው በላይ ይታያል፤ ልዩነቱ ይጋነናል፤ ሌሎች አስቀድመው በቆረጡለት ሚና ይታጠራል። አንቺ ቤት ሦስቱም ደርሰዋል። ሌላ መምህር ቁጥር ቢያነሳ ቁጥር ይሆናል፤ አንቺ ስታነሺው ስሜት ተባለ። በድምፅ ብቻ ብትመልሺ ደግሞ ያጸኑብሻል። ስለዚህ ነገሩን ካንቺ አፍ አውጥተሽ ወረቀት ላይ አድርጊው።

የቅጣት መዝገቡን ማየት የአማካሪ ሥራ ነው፤ የተማሪን መረጃ በወገን በወገን ከፍሎ ማን ወደኋላ እንደቀረ ማየት በዘመኑ የሙያው መመሪያ ውስጥ ያለ ነው። «ማን ተባረረ» ብቻ ብለሽ አትቁጠሪ፤ «በምን ጥፋት» የሚለውን ለይው። ሲጋራ፣ ዱላ፣ ከክፍል መቅረት የሚታዩ ጥፋቶች ናቸው፤ ሆነዋል ወይም አልሆኑም። «ንቀት»፣ «እምቢተኝነት»፣ «ረባሽነት» ግን መምህሩ ዓይን ውስጥ ያሉ ናቸው። ልዩነቱ የሚሰፋው በነዚህ ላይ ከሆነ ነገሩ ከልጆቹ ጸባይ ይልቅ ከአዋቂዎቹ ፍርድ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ሲቆጡት ዓይኑን የሚሰብረውን ልጅ አስቢ፤ ለቤቱ ጨዋ ነው፣ ለመምህሩ «ሳናግረው አያየኝም» ነው። ይህን ምሳሌ አንቺ በደንብ ታስረጃለሽ፤ ሠንጠረዡን ግን ሌላ ባልደረባሽ ያቅርበው። ከሦስቱ መካከል ልቡ ቅን የሆነ አንድ አይጠፋም። አለቃሽ እሱንም ስሜታዊ ካለችው ቢያንስ ብቻሽን አይደለሽም።

ልጃቸውን ያዛወሩት አባት ነገር ሆድሽን እንዳሻከረው አይቻለሁ፤ ግን ብዙ ጉልበት አታፍስሺበት። ምን እንዳሰቡ አታውቂም፣ ማወቅም አትችዪም። የምትጠይቂው ደንብ ብቻ ነው፤ «ወላጅ አማካሪ ይቀየርልኝ ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠየቃል ወይ? ለአራታችንም አንድ ነው ወይ?» በዪ። መልሱ አንድ ካልሆነ ያኔ የምትከራከሪበት ነገር አለሽ።

ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ መዝለቅ አትችዪም። በዚህ ሙያ አንድ የተረሳ ነገር አለ፤ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ አማካሪ ብዙ ጊዜ ስለ ተመካሪዎቹ አብሮት የሚመክር በሙያው የበሰለ ሰው ይመደብለታል። የትምህርት ቤት አማካሪ የሚኖረው አለቃ ነው፤ አለቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ የአስተዳደር ሰው ነው። የመዘገብሽውን ሰዓት የምታሳዪው ለአለቃሽ ነው፤ «ልጁ እንዲህ ሲለኝ እኔ የራሴን ልጅነት አይቼ ደነገጥኩ» የሚለውን ግን ለሷ አይነገርም። በየትምህርት ቤቱ እንዳንቺ ብቸኛ የሆኑ አማካሪዎች አሉ። ሦስት አራት ሆናችሁ በወር አንዴ ተገናኙ፤ የተማሪ ስም ሳታነሱ ተመካከሩ። በሥራሽ ላይ የራስሽ ታሪክ እየተቀሰቀሰ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ራስሽም አማካሪ ዘንድ ሂጂ፤ ለሌላው የምትመክሪውን ለራስሽ አትንፈጊው።

ልልቀቅ ወይስ ልቻለው ላልሽው፣ ሁለቱም አይደለም፤ ቢያንስ ዛሬ። «መቻል» የሚባለውን እስካሁን አድርገሽዋል፤ ያተረፍሽው ተጨማሪ ልጅ ነው። መልቀቁ ደግሞ መዝገቡን ሳትይዢ ከሆነ የምትሄጂበት ትምህርት ቤት «እንዳንቺ ያለ ሰው ስንፈልግ ነበር» ብሎ ይቀበልሽና ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። መዝግበሽ፣ ጠይቀሽ፣ በጽሑፍ አስፍረሽ አንድ የትምህርት ወቅት ጠብቂ። አስተርጓሚ መጥራት ከጀመሩ፣ ከድርሻሽ ከቀነሱ፣ አንዱ ባልደረባሽ እንኳ ልጁን ራሱ ይዞት ሲቀመጥ ካየሽ፣ ቤቱ ይሠራል ማለት ነው፤ ቆዪ። ወረቀትሽን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከከተቱት ሌላ ቦታ አመልክቺ፤ ቃለ መጠይቅ ላይም አንቺ ጠይቂያቸው፤ «የወላጅ ስብሰባ ላይ የሚያስተረጉመው ማነው?» መልሱ ብዙ ይነግርሻል።

የአስተባባሪነቱ ነገር ቀረ። ሹመቱ መጥፎ አይደለም፤ ሰው ቢይዘው ልጆቹ ይጠቀማሉ። አሁን የቀረበልሽ ግን ሁለተኛው ሥራሽ ስም ወጥቶለት ነው። «አስቤበት እመልሳለሁ» በያቸውና ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነና ያ ሰዓት ከየትኛው ሥራሽ ላይ እንደሚቀነስ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ሥልጠና ወይም አስተርጓሚ ለመክፈል የምታዝዢው በጀት ይኑር አይኑር። ሦስቱም ከተጻፉ ፈርሚ። አንዱ ከጎደለ አስተባባሪነቱ በየዓመቱ ለአራታችሁም በተራ እንዲደርስ ሐሳብ አቅርቢ፤ ቀዳሚው ተረኛም አንቺ አትሁኚ።